የሰማያዊ ጋዋኖች ክረምት

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ጓሮ ቆሜ የጠረጴዛ ልብስ ዋጋ እየተከራከርኩ ነበር። ገዢው በሜትር ትንሽ ቀንሺ ይለኛል፣ እኔ በልጆቼ እምላለሁ፤ ሁለታችንም ሥራችንን እየሠራን ነው። በዚህ መሃል የጥብስ ቤቱ ልጅ ምድጃ ላይ በቀረው ፍም ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሰበት። ያ የረጠበ ከሰል ሽታ፣ ግማሹ ጭስ ግማሹ ጭቃ፣ አፍንጫዬ ሲገባ የምለው ጠፋኝ። እኔ በዋጋ መሃል የምለው ጠፍቶኝ አያውቅም። ሰውዬው ያሸነፈኝ መስሎት ፈገግ አለ። ይደሰት። እኔ እንደሆነ እዚያ አልነበርኩም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደልቃል፣ እኔም ከአቶ ዳምጠው የከሰል መጋዘን አጥር ሥር ጋሽ ኑሩ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ።

ጋሽ ኑሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ በዚያ ክረምት መርፌ ውስጥ ክር የማስገባውና ቁልፍ የምተክለው እኔ ነበርኩ። ሱቋቸው ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ከመጋዘኑ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀች ነበረች። በአጥሩ ሽንቁር ግቢው ሁሉ ይታያል፤ የከሰሉ ክምር፣ ሳንቃው፣ ከሩቅ አገር ጭኖ የመጣው ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ከሥሩም አባዬ።

አባዬ ጫኝና አውራጅ ነበር። ተካ ይባላል፤ ግቢው ውስጥ ግን «ሊቀመንበር» ነው የሚሉት፣ የአውራጆቹ ማህበር መሪ ስለነበር። ግራ ትከሻው ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ስንት ዓመት ጆንያ የተቀመጠበት ትከሻ ነው። እኔ ግን ወንድ ሲያድግ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኝ ነበር፤ ሁለት ትከሻው እኩል የሆነ ሰው ሳይ፣ መምህራችንን ጭምር፣ ገና አላደገም ብዬ አዝንለት ነበር።

ጠዋት መኪና ሳይገባ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ አውራጅ የራሱ ቆርኪ አለው፤ አንዱ በጥርሱ ያጠፈው፣ አንዱ በሚስማር የበሳው፣ አንዱ በድንጋይ የደቆሰው። ቆርኪዎቹ ኮፍያ ውስጥ ይገባሉ፣ ልጅ እጁን ሰድዶ ያወጣል፣ ቀድሞ የወጣለት በመጀመሪያው መኪና ይሰለፋል። ልጅ አያዳላም ተብሎ ነው። እኔ አዳላ ነበር። የአባዬን ቆርኪ ጣቴ ገና ሲነካው ያውቀዋል። ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲወጣለት በሦስተኛው ቀን ራሱ አባዬ፣ «ይቺን ልጅ ከኮፍያው አርቁልኝ» አለ። ሰዉ ሳቀ። በዚያው ከዕጣ አውጪነት ተባረርኩ፤ የመጀመሪያ ሥራዬን ያጣሁት እንደዚያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአባዬ ሰዎች አንዱ ጋሽ ባይሳ ሲወድቁ ነው። ዝናብ እየዘነበ ነበር። ጆንያ ተሸክመው በሳንቃው ሲወርዱ እግራቸው ሸርተት አለና ከነጆንያው መሬት መጡ። ዳሌያቸው ተሰበረ። በአጥሩ ሽንቁር አይቻለሁ፤ ከሰሉ ተበትኖ ጋሽ ባይሳ ከመሃሉ ተቀምጠው፣ ተነሱ እያሉ ሲለምኗቸው እግራቸውን ብቻ ያያሉ።

በማግስቱ አባዬ አውራጆቹን ይዞ አቶ ዳምጠው ቢሮ በር ላይ ቆመ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛ ሰፊ ሳንቃ፣ እግር እንዲይዝ ከላዩ ጣውላ በአግድሙ የተመታበት። ሁለተኛ፣ ዝናብ እየዘነበ ላለማውረድ።

አቶ ዳምጠው ደህና ሰው ናቸው፣ ማለቴ አነጋገራቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም። «ክረምቱን ሙሉ መኪና በሬ ላይ ቆሞ ሊከርምብኝ ነው?» አሉ እየሳቁ።

«አይከርምም፣ ዝናቡ ሲያባራ እናወርዳለን» አላቸው አባዬ።

«ላስብበት ተካ።»

አሰቡበትም። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ሰማያዊ ጋዋን የለበሱ አስራ አምስት ሰዎች ታዩ። አዲስ ማህበር ተቋቋመ ተባለ። ዘጠኙ ከአባዬ ማህበር የወጡ ናቸው፤ ስድስቱን ማንም አያውቃቸውም። ሊቀመንበራቸው ደግሞ ጋሽ ሽፈራው። ጋሽ ሽፈራው የጓደኛዬ የሮማን አባት ናቸው፣ ከአባዬ ጋር በአንድ ሳንቃ ላይ ስንት ዓመት የወጡ የወረዱ። የሰማያዊዎቹ ወሬ፣ «እኛ ዝናብም ቢሆን እናወርዳለን» የሚል ነበር። መጋዘኑ ደረቁንና ቀላሉን ጭነት ለእነሱ፣ ውሃ የጠጣውን ለአባዬ ሰዎች መስጠት ጀመረ።

እኔ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሁለት ቡድን! የእኛዎቹ ያረጀ ካኪ፣ የእነሱ አዲስ ሰማያዊ። ኳስ ጨዋታ ነው የመሰለኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔና ሮማን አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን የየአባቶቻችንን ጆንያ እንቆጥራለን።

«ያንቺ አባት አርጅቷል!» ትለኛለች።

«ያንቺ አባት የሚሸከመው ላባ ነው!» እላታለሁ።

ባለ ሻይ ቤቷ እትዬ አስካለ እንኳ አግዳሚ ወንበሮቿን ለያየች፤ ካኪ በበሩ በኩል፣ ሰማያዊ በመስኮቱ በኩል። ስኳር የሚያማስሉበት ማንኪያ አንድ ብቻ ስለነበር እሱ በአስታራቂነት መሃል ለመሃል ይመላለሳል። እኔ እንደገባኝ አቶ ዳምጠው የሰማያዊዎቹ አሰልጣኝ ናቸው። ለቡድናቸው ማልያ ያሰፋሉ፣ ቀላል ጨዋታ ይሰጣሉ፤ ምን ነውር አለው? አሰልጣኝ የሚያደርገውን ነው የሚያደርጉት። ለእኛም እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ቢኖረን ብዬ ቀናሁ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኛል።

ማልያውን ማለት ጋዋኑን የምንሰፋው እኛ ነን። አቶ ዳምጠው ጃንጥላቸውን በሩ ላይ እያራገፉ ሲገቡ አስታውሳለሁ። ሩቅ ቦታ ሄደው ቢያሰፉት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን ጋሽ ኑሩ ርካሽ ናቸው፣ ቅርብ ናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው። ከአንድ ቤት ሦስት ጥቅም ያገኘ ሰው አራተኛውን አይጠይቅም።

«ኑሩ፣ ሌላ አስራ አምስት ጨምርልኝ» አሉ።

«ሰዎቹ አስራ አምስት አይደሉም እንዴ ጌታዬ? የእነሱን ጨርሼ ሰጠሁ።»

«ይበዛሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አንቺ የተካ ልጅ አይደለሽ? አባትሽ ትልቅ ሰው ነው። ለእንቁጣጣሽ ጋዋን ላሰፋለት አስቤያለሁ። እንዳያውቅ! ድንገት ነው የምሰጠው። አሮጌ ጋዋኑን ለኑሩ ለአንድ ቀን አምጪለት፣ ይለካበታል።»

ከረሜላም ሰጡኝ። ከረሜላውን ባይሰጡኝም አደርገው ነበር። አባዬ አዲስ ልብስ ሲለብስ አይቼ አላውቅማ! እሑድ አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ካኪውን ጠቅልዬ በጉያዬ ሸሽጌ ሮጥኩ። ጋሽ ኑሩ ጋዋኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ሰቅለው፣ መቀሱን አንስተው፣ መልሰው አስቀመጡት።

«አባትሽ ይሄን አያውቅም አይደል?» አሉኝ።

«አይ! ድንገት ነው።»

«ድንገት ነው» አሉ እሳቸውም፣ እንደ እኔ ሳይደሰቱ። ከዚያ መስፋት ጀመሩ። ክረምት ነው፣ ሥራ የለም፣ ስድስት ልጅ አላቸው። ግራ ትከሻውን ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው ቆረጡት። ቁልፎቹን እኔ ተከልኳቸው። እንደዚያ አጥብቄ የተከልኩት ቁልፍ እስከ ዛሬ የለም።

ጭቅጭቁ ሲበዛ የቀበሌው ሰው መጣና ፈረደ። በአንድ ግቢ አንድ ማህበር ብቻ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ግቢው ውስጥ ይሰለፍ፣ በየሊቀመንበሩ ጀርባ። ሰው የበዛለት ግቢውን ይይዛል፣ ያነሰው ይበተናል።

እማዬ ያን ሳምንት እንጀራውንም ራሷንም ስታቃጥል ነው የሰነበተችው። ግቢው ከተወሰደ አባዬ የሚሄድበት የለውም፤ ሌላው መጋዘን ሁሉ የራሱ ሰዎች አሉት። የእኛን ሰዎች ግን ስቆጥራቸው ሃያ ሁለት ናቸው፣ እነሱ አስራ አምስት። ሃያ ሁለት ለአስራ አምስት! በኳስ ቋንቋ አልቋል። ለሮማን ምላሴን አወጣሁባት።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠቁሮ ግን ሳይዘንብ ነጋ። ግቢው ሙሉ ነው። እኔና ሮማን በሩ ጋ ባለው በርሜል ላይ ወጥተናል። የቀበሌው ሰው በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በአንድ እጁ ወረቀት ይዞ መሃል ቆመ። ካኪዎቹ በሳንቃው በኩል ተሰለፉ፣ ሰማያዊዎቹ በበሩ በኩል። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ነው። እኔ እየዘለልኩ ስለነበር ሮማን «በርሜሉን ልትገለብጪው ነው!» ብላ ቀሚሴን ይዛኛለች።

የቀበሌው ሰው መቁጠር ሊጀምር ሲል አቶ ዳምጠው ከቢሯቸው በረንዳ ወረዱ። ክንዳቸው ላይ ጃንጥላቸው፣ በእጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«ተካ» አሉ፣ በዚያ በማይጮህ ድምፃቸው። «እስከ መቼ ነው የምንደባበቀው? ልብስህን ልበስና ወደ ሰዎችህ ና።»

አባዬ ዞረ። «የምን ልብስ?»

ጋዜጣውን ፈቱት። ሰማያዊ ጋዋን።

«ትናንት ተስማምተን ዛሬ እንደማታውቀኝ ትሆናለህ? ልክህን ካልሰጠኸኝ ከየት አመጣሁት?»

ከካኪዎቹ መሃል ጉርምርምታ ተነሣ። ጋሽ ሽፈራው ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው አባዬን ያዩታል፤ እሳቸውም አልሰሙም ነበር። «ውሸት ነው በላቸው ሊቀመንበር!» አለ አንዱ። «ይልበሰውና እንየው!» አለ ሌላው።

አባዬ ሲናደድ ይቸኩላል። ሕይወቱን ሙሉ ያስከፈለው ጠባዩ እሱ ነው። «ወዲህ በሉት!» አለና ጋዋኑን ከአቶ ዳምጠው እጅ ነጠቀ። «ያልተለካሁት ልብስ ምን እንደሚመስል እዩት!» ብሎ ካኪውን አውልቆ ሰማያዊውን ለበሰ።

ልክ ሆነ። ልክ ሆነ ብቻ አይደለም፣ ግራ ትከሻው ላይ ቁጭ አለ፤ ያቺን ሁለት ጣት ሳያጎድል። የሱቅ ልብስ አውራጅ ላይ እንደዚያ አይቀመጥም። እዚያ ግቢ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ አጨበጨብኩ። «አማረበት! አማረበት!» ብዬ ጮህኩ በርሜሉ ላይ ሆኜ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስጦታው እንቁጣጣሽን ሳይጠብቅ የመጣ ነበር የመሰለኝ።

ያጨበጨብኩት ብቻዬን ነው። የአባዬን ፊት አየሁት። ከጋሽ ባይሳ ፊት ጋር አንድ ሆነብኝ፤ ያን ቀን እግራቸውን ሲያዩ እንደነበረው። ከዚያ ከካኪው ሰልፍ አንድ ሰው ምራቁን ተፋና ወጣ። ሁለተኛው ተከተለው። ስምንት ሰው አባዬን ሳያየው በአጠገቡ እያለፈ ወደ በሩ ሄደ። ሃያ ሁለት የነበረው አስራ አራት ሆነ። የቀበሌው ሰው እስክሪብቶውን አወጣ።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም አይደለም፣ ግማሹ። እኔ ያመጣሁት ነገር እንደሆነ ግን ገባኝ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ አጥር ላይ የነበረው ሁሉ ዞረ። «ልክ የሰጠሁት እኔ ነኝ! አባዬ አያውቅም! አሮጌውን ጋዋን ሰርቄ ለጋሽ ኑሩ የወሰድኩት እኔ ነኝ! አቶ ዳምጠው ናቸው አምጪ ያሉኝ፣ ለእንቁጣጣሽ ነው ብለው!»

አቶ ዳምጠው ሳቁ። «ልጁን አስጠንቶ ነው የመጣው። የገዛ ልጁን ምስክር ልታደርጉለት ነው?»

እውነትም የእኔን ቃል ማን ይቀበላል፤ በቆርኪ እንኳ ተይዤ የተባረርኩ ነኝ። ሮማን ቀሚሴን ለቀቀችኝ። የቀበሌው ሰው አንገቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«ቆይ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ጋሽ ኑሩ ናቸው። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው። እቅፍ ሙሉ ሰማያዊ ጋዋን ተሸክመው ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መሃል ደረሱና ጭቃው ላይ ዘረገፉት።

«እነዚህ አስራ አራት ናቸው። አስራ አምስተኛው ተካ ላይ ነው። ያዘዙኝ እኚህ ሰውዬ ናቸው። ልጅቷ ያለችው እውነት ነው። እኔ እያወቅሁ ዝም ብዬ የሰፋሁ ነኝ፣ እኔን ስደቡኝ።» ከዚያ ወደ ሰማያዊዎቹ ዞሩ። «እናንተም የለበሳችሁትን ያሰፉላችሁ እሳቸው ናቸው።»

«ሐሰት!» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «የእኛን የሰጠን ቀበሌ ነው! ለአዲስ ማህበር ማበረታቻ ተብሎ!»

የቀበሌው ሰው ከወረቀቱ ቀና አለ። «ማን? ቀበሌ? ጋዋን?» ግራ ቀኝ አየ። «ወንድሜ፣ ቀበሌው እኮ ለሰሌዳው ጠመኔ የለውም።»

አጥሩ በሳቅ ተናወጠ። እትዬ አስካለ ተንጠልጥላ የነበረችበትን ለቅቃ መሬት ወረደች። ካልሳቁት ሰዎች መሃል አንዱ ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። ወደ አቶ ዳምጠው ዞረው፣ «ቀበሌ ነው አላሉኝም?» አሉ ቀስ ብለው። አቶ ዳምጠው ጃንጥላቸውን ከፈቱ፣ ዝናብ ሳይኖር።

ከዚያ ሰልፉ ተናጋ። ስምንቱ ሰዎች ተመለሱ፤ አንዱ ከአባዬ ፊት ቆሞ «ይቅር በለኝ» ይላል፣ ሌላው ዝም ብሎ ቦታው ላይ ይቆማል። ከሰማያዊዎቹም አራት ሰው ጋዋኑን እያወለቀ መጣ። እኔ በርሜሉ ላይ እቆጥራለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት! የቀበሌው ሰው እኔን እየሰማ ነው የጻፈው ብል ማጋነን አይሆንም። ሃያ ስድስት ለአስራ አንድ። ጋሽ ሽፈራው ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ማታ እገረፋለሁ ብዬ ነበር። አባዬ ግን ሳይቆጣ፣ «ሁለተኛ ሰው ልኬት አምጪ ሲልሽ፣ መጀመሪያ የሚለብሰውን ሰው ጠይቂ» ብቻ አለኝ።

እሑድ ይዞኝ ጋሽ ሽፈራው ቤት ሄደ። ጋሽ ሽፈራው በር ላይ ተቀምጠው ጫማ ያጸዳሉ። ሮማን ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«ሰዎቼ እነዚያ የተበተኑት አይገቡም እያሉኝ ነው» አለ አባዬ።

«እውነታቸውን ነው።»

«አይደለም። ሥራ ያጣ ሰው ከአጥር ውጭ ከተውኩለት ዳምጠው ነገ ሌላ ቀለም ይገዛል። ነገ ና።»

ጋሽ ሽፈራው ጫማቸውን ማጽዳት አላቆሙም። «አንተ የዝናቡን ነገር አትተውም። እኔ አምስት ልጅ አለኝ ተካ። አንድ ቀን ሳይወርድ የዋለ መኪና ለእኔ ቀላል አይደለም።»

«ለማን ቀላል ነው?» አለ አባዬ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ዳምጠው አዲሱን ሳንቃ አስመጥተው ጠበቁን፤ ሰፊ፣ ጣውላ የተመታበት። «ይኸው፣ የጠየቃችሁት። የዝናቡን ግን ተዉት፣ አይሆንም» አሉ።

«ሁለቱም ናቸው አቶ ዳምጠው» አለ አባዬ።

«እናያለን።»

አምስት ሰዓት ገደማ ተሳቢ ያለው ኤንትሬ ገባ፣ እስከ አፉ ሙሉ። ሾፌሩ ገመዱን ፈትቶ ሸራውን ግማሽ ድረስ ገፈፈ። የመጀመሪያው ጆንያ ሳይወርድ ያ ከንጋት ጀምሮ ተንጠልጥሎ የቆየ ሰማይ ተዘረገፈ። እኔና ሮማን የየአባቶቻችንን ምሳ ይዘን ግቢው ዳር ያለው መጠለያ ሥር ገብተናል፤ ገና አልታረቅንም፣ በመሃላችን ሁለት ሰው የሚያህል ቦታ አለ። ሰዎቹ ሁሉ፣ ጠዋት የመጡት ጋሽ ሽፈራውም፣ መጠለያው ሥር ተቀመጡ። ካኪም ለብሶ፣ ሸሚዝ ብቻም ለብሶ። ያ የረጠበ ከሰል ሽታ መነሣት ጀመረ።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ማንም አልተነሣም። እንደገና ነፋ፣ ረጅም አድርጎ። አቶ ዳምጠው በረንዳቸው ላይ ወጥተው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። «መጀመሪያ ለተነሣ የክረምቱ ሥራ ሁሉ የእሱ ነው!» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰማሁ።

ሰላሳ ምናምን ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ ዝናቡን ያያል። አንድ ሰው ከተነሣ ሁሉም እንደሚነሣ እኔም ገብቶኛል።

ጋሽ ሽፈራው ተነሡ።

አባዬ ቀና ብሎ አላያቸውም። ሮማን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ሽፈራው ኮፍያቸውን ወደታች ጎትተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ፣ አዲሱን ሳንቃ ረግጠው ወጡ፣ መኪናው ላይ ቆሙ። አቶ ዳምጠው ከበረንዳው አንድ ደረጃ ወረዱ።

ጋሽ ሽፈራው ጎንበስ ብለው የሸራውን ጫፍ ያዙ። ከሰሉ ላይ ዳር እስከ ዳር ጎትተው አለበሱት፣ ገመዱን አሰሩት፣ በሳንቃው ቀስ ብለው ወረዱና መጥተው ከአባዬ አጠገብ ተቀመጡ። ውሃው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል።

«ጠጋ በል» አሉት።

አባዬ ጠጋ አለ።